ጥያቄ፦ ትንሽ ሃይብሪድ መኪና ላይ ካያክ እንዴት ይጫናል? (ባሕር ዳር)

ቀዛፊዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከተመለሰ ሰው ላይ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ) ገዛሁ። ፕላስቲክ ነው፣ ከላይ ክፍት፣ ለአንድ ሰው የሚሆን። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ክብደቱ 22 ኪሎ። መኪናዬ ያሪስ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ) ናት፣ ባለ 5 በር። ጣሪያዋ ልሙጥ ነው፤ ፖርቶመጋላ ቀርቶ እሱን የሚያስሩበት ነገር እንኳ የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዘጌ፣ አንዳንዴም እስከ ጎርጎራ ይዤው መሄድ እፈልጋለሁ።

አንዱ ጋራዥ «ቱቦላሬ ቆርጠን ጣሪያው ላይ እንበይድልሻለን» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ሃይብሪድ ጣሪያው ላይ ምንም አይጫንም፣ ባትሪው ይቃጠላል» አለኝ። የቱን ልመን? ብዙ ጊዜ የምጭነው ብቻዬን ስለሆነ እሱንም አስቡልኝ።

ባለባጃጁ
እህቴ ምን አስጨነቀሽ? አልጋና ቁም ሣጥን በባጃጅ ያመላለስን ሰዎች 22 ኪሎ ያቅተናል? ዘጌ መንገድ በኔ ጣይው። ጎርጎራን ግን ማሪኝ።

ጋሽ ኤሌክትሪክ
ሁለቱንም አትመኚ።

ብየዳውን እርሺው። የጣሪያ ቆርቆሮ ስስ ነው። ሙቀቱ ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ ከዚያ በኋላ ክረምት ሲመጣ ዝገት ይገባል። የብየዳው ኤሌክትሪክ ደግሞ በመኪናው አካል ውስጥ ነው የሚዞረው፤ ያቺ መኪና ከላይ እስከ ታች በኮምፒውተር የምትሠራ ናት። እንኳን ለካያክ ለሌላ ነገርም ቢሆን ሃይብሪድ ላይ ብየዳ አላስነካም።

ባትሪው ይቃጠላል ያለሽ ሰው ነገር አቀላቅሏል። የያሪስ ትልቁ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው ያለው። ጣሪያ ላይ ያለ ጭነት አይደርስበትም። እሱን የሚጎዳው ሌላ ነው። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከመኪናው ውስጥ አየር እየሳበ ነው። የሚስብበት ወንፊት እዚያው ኋላ ወንበር ጋ ዝቅ ብሎ ይታይሻል። ከሐይቅ ወጥተሽ እርጥቡን ላይፍ ጃኬት፣ ፎጣና ሸራ እዚያ ላይ ከቆለልሽበት አየር ያጥረውና ይሞቃል። ውሃም ይንጠባጠብበታል። አንድ ሰፊ ሳፋ ግዢና ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጪ፣ እርጥብ ነገር ሁሉ እዚያ ይግባ።

ደግሞ ስትጭኚ መኪናዋን አጥፊያት። ድምፅ ስለሌላት ጠፍታለች ብለሽ ትሸወጃለሽ። ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው መብራት ከበራ ለመሄድ ዝግጁ ናት ማለት ነው። ሐይቁ ዳር ተዳፋት ላይ ስትቆሚ የእጅ ፍሬን መያዝሽን አትርሺ። በኋላ ማርሽ ጎማዋን ውሃ ውስጥ መክተትም የለም፤ ካያኩን ተሸክመሽ ውረጂ።

ጣና ዳር
ጋሼ ትክክል ብለዋል። እኔ ስለ ብረቱ ልጨምር።

የሚያስፈልግሽ በበሩ ፍሬም ላይ በብሎን የሚነክስ ባለ ሁለት ብረት ፖርቶመጋላ ነው። ልሙጥ ጣሪያ ላላቸው መኪናዎች ተብሎ የተሠራ አለ። ባሕር ዳር ካጣሽ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ላኪ። የመኪናሽን ዓመተ ምርትና ባለ 5 በር መሆኗን ንገሪው፤ የባለ 3 በሩ እግር ሌላ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ግን የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቺ። የጣሪያው የጭነት ልክ እዚያ ተጽፏል። ለትንንሽ መኪናዎች ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ነው፣ ጭራሽ አይጫንም የሚባሉ ሞዴሎችም አሉ። የብረቱ ክብደት ራሱ ከዚያ ላይ እንደሚቀነስ አትርሺ። ያንቺ ካያክ ሩብ ኩንታል እንኳ ስለማይሞላ ከክብደቱ በኩል ብዙም አያሰጋሽም።

የሚያሰጋሽ ነፋሱ ነው። ያሪስ ጣሪያዋ አጭር ስለሆነ ሁለቱ ብረቶች ይቀራረባሉ። ካያኩ ከፊት ነፋስ ሲገባበት አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ በሁለቱ ብረቶች ላይ ሁለት ቀበቶ፣ ከዚያ አፍንጫውን ከፊት፣ ጭራውን ከኋላ በገመድ። የፊቱን የት ላስረው ካልሽ፣ መኪናዋ መሣሪያ ጋ የምትጠመዘዝ የመጎተቻ ቀለበት አለች። ከፊት ፓራውልቱ ላይ ያለውን ትንሽ ክዳን አንስተሽ እዚያ አስገቢያት። ገመዱን ቀጥ እስኪል ብቻ ወጥሪው። የተረፈው ጫፍ ጎማ ሥር እንዳይገባ ጠቅልለሽ እሰሪው።

ክፍት ካያክ ከሆነ ደፍተሽ ጫኚው። ዝናብ ቢመጣ ውሃ አያጠራቅምም፣ ብረቱ ላይም ተደላድሎ ይቀመጣል።

ቀዛፊዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ብረቱ እስኪመጣ ስፖንጅ አንጥፌ ቀበቶውን በበሮቹ ውስጥ ባሳልፈውስ? ደግሞ ቀበቶ ሳይሆን የጎማ ከመነዳሪ ነው ቤት ያለኝ።

ጣና ዳር
ከመነዳሪ ለሳር ፍራሽ ነው። ይለጠጣል፤ የሚለጠጥ ነገር ደግሞ ካያክ አይዝም። የማይለጠጥ፣ ባለ መቆለፊያ ጠፍጣፋ ቀበቶ ያስፈልግሻል። መወጠሪያ ብረት ያለውን ካገኘሽ በልክ ወጥሪ፤ በጉልበት ከሳብሽው ፕላስቲኩን ያጎብጠዋል።

ስፖንጁ ለከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለመሄድ ይሆናል። ቀበቶውን በመስኮት ሳይሆን በሩን ከፍተሽ አሳልፊው፣ አለበለዚያ በሮቹን አሥረሽ በመስኮት ነው የምትገቢው። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ውሃው ቀበቶውን ተከትሎ ገብቶ ጭንሽ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ለጎርጎራ አታስቢው።

ኑሮ በውጭ
እኔ ብሆን ካያኩን ሸጬ የሚነፋውን እገዛ ነበር። ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ፖርቶመጋላ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ነዳጅ አይበላ።

የዘጌ ልጅ
የኛን ዳርቻ ባታየው ነው። የተቆረጠ የደንገል ጉቶ አለ፣ እሾህ አለ። የሚነፋውን ለመብሳት አንድ ጉቶ ይበቃል። በዚያ ላይ ነፍተሽ ፀሐይ ላይ ከተውሽው አየሩ ሞቆ ይወጠራል፣ ማስተንፈስ ይፈልጋል። ፕላስቲኩን ያዢው እህቴ።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለዘጌ ለምን ታመላልሺዋለሽ? ከምታምኚው ሰው ግቢ አስቀምጪውና በወር የሆነ ነገር ስጪው። መኪናሽም ያርፋል። ጥላ ውስጥ በጎኑ ይቀመጥ፣ ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ይጣመማል።

ይዘሽ ከመጣሽ ደግሞ በጠዋት ድረሺ። ጣና ጠዋት ዝም ያለ ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ሌላ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ በታንኳ ማለዳ የሚወጡት ወደው አይደለም። ከዳር ብዙ አትራቂ። ከተማው ጋ ስትቀዝፊ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል አትሂዲ። ጉማሬው እዚያ ነው የሚያዘወትረው፣ ውሃውም ወደ ጨራጨራ ግድብ ይስብሻል። ላይፍ ጃኬቱን ደግሞ ሳፋ ውስጥ ትተሽ እንዳትገቢ።

ቀዛፊዋ
ማስቀመጡ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለዘጌ አስብበታለሁ። ለጎርጎራ ግን መጫኑ አይቀርም። ብቻዬን እንዴት ላንሳው? ቁመቴም አጭር ነው።

ጣና ዳር
ከጎን አታንሺው። ከመኪናዋ ኋላ ቁሚ። የኋላው መስታወትና ጫፉ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፊ። መጀመሪያ አፍንጫውን ብቻ አንስተሽ ብርድ ልብሱ ላይ አስደግፊ፤ ጭራው መሬት ላይ ይቆያል። ከዚያ ከጭራው በኩል ያዢና ወደ ፊት ግፊው። ተንሸራቶ ብረቱ ላይ ይወጣል። የምትሸከሚው ግማሹን ብቻ ነው። የኋላ መጥረጊያውን እንዳይሰብረው ብርድ ልብሱ እሱንም ይሸፍነው።

ጋሽ ኤሌክትሪክ
ለጎርጎራው መንገድ አንድ ሁለት ነገር። እስከ ጎንደር ብቻ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሐይቁ ትመለሻለሽ። ከ80 በላይ አትንጂ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ጫና አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ የነዳጅ ፍጆታሽም ይጨምራል። ሃይብሪድ ገዝቼ ምን አተረፍኩ ትያለሽ። ፎገራ ሜዳ ላይ ከፊት አይሱዙ ሲመጣ የሚገፋውን አየር ታውቂዋለሽ፤ መሪውን በሁለት እጅ ያዢ። ከከተማ እንደወጣሽ አንዴ፣ ወረታ ላይ ደግሞ አንዴ ወርደሽ ቀበቶውን ዳብሺ። መጀመሪያ ላይ መላላቱ አይቀርም።

ቀበቶው በነፋስ እያጉረመረመ ጆሮሽን ካደነቆረሽ አንድ ጊዜ ጠምዝዘሽ እሰሪው፣ ጸጥ ይላል። ደርሰሽ ፀሐይ ላይ ስታቆሚ ደግሞ ትንሽ አላይለት፤ ሞቆ የለሰለሰ ፕላስቲክ ቀበቶው ባለበት ይሰረጉዳል። ቤት ስትመለሺ ብረቱንም ፍቺው። ባዶ ፖርቶመጋላ ተሸክሞ መዞር ነዳጅ ማቃጠል ነው።

ቀዛፊዋ
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ሶማሌ ተራ ሰው ላኩ። ከኋላ ትንሽ ትርፍ ስለሚኖረው ቀይ ጨርቅ ልሰርበት?

ጣና ዳር
እሰሪበት፣ ከኋላሽ ያለው ሹፌር ያየዋል፣ ትራፊክም አያስቆምሽም። ግን የመጨረሻውን ገመድ ከመቋጠርሽ በፊት የኋላውን በር ቀስ ብለሽ ከፍተሽ ሞክሪ። ጫፉ ከነካው ካያኩን ጥቂት ወደ ፊት ግፊው። ያለዚያ ሳፋውን የምታወጪው በጎን በር ነው።