የአሴቲሊን ሲሊንደር ለምን ተጋድሞ አይሠራበትም?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጋዝ ብየዳ ቤት ሥራ ከጀመርኩ ገና ወር አልሞላኝም። ትናንት ከመኪና ተጋድሞ የወረደውን የአሴቲሊን ሲሊንደር ወዲያው ልከፍት ስል፣ ጋሼ «አቁመውና ነገ ጠዋት ትሠራበታለህ» ብለው ከለከሉኝ። ምክንያቱን የሚያስረዳኝ አለ?

መልስ 1፦ ጋሼ ትክክል ናቸው። አሴቲሊን ከ2 የካርቦንና ከ2 የሃይድሮጅን አቶሞች የተሠራ ጋዝ ሲሆን፣ ብቻውን ሲታመቅ ኦክስጅን ባይኖር እንኳ ተበታትኖ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ቀዳዳማ ቁስ ይሞላና ጋዙ ያ ቁስ በመጠጠው አሴቶን የተባለ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል። ሲጋደም አሴቶኑ ከጋዙ ጋር ይወጣል፤ ነበልባሉ ይበላሻል፤ የጋዝ ማስተላለፊያ ጎማውም ይጎዳል። ስለዚህ አቁመህ አሴቶኑ ወደ ቦታው እስኪመለስ ትጠብቃለህ። ከኦክስጅን ጋር ሲነድ ወደ 3,100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ጋዝ በመሆኑ መቸኮል አያዋጣም።

መልስ 2፦ እኔ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው የምሠራው። የተቆረጠ ጎማ በመዳብ ቱቦ የቀጠለ ባልደረባ አይቼ ወዲያው አስፈትቼዋለሁ፤ ጋዙ ከመዳብ ጋር ሲዋሐድ በትንሽ ምት የሚፈነዳ ውህድ ይፈጥራልና። አየር ውስጥ 2.5 በመቶ መድረሱ ብቻ ለመቀጣጠል ስለሚበቃው፣ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ከመጣብህ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሽ።

ጠያቂው፦ እጅግ አመሰግናለሁ። የሬጉሌተሩስ (የግፊት መቆጣጠሪያው) ግፊት ስንት ይሁን?

መልስ 1፦ ከ1 ባር እንዳታሳልፈው።