ማይልስ ተርነር ከዳ ወይስ ተገፋ? (ሰኔ 2017 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2025 መጀመሪያ)

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የትናንት ማታውን ዜና ላልሰማ ባጭሩ ልንገረው። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ፣ ሴንተሩ (ከቅርጫቱ ስር የሚጫወተው ረጅሙ ተጫዋች) ማይልስ ተርነር ኢንዲያና ፔሰርስን ለቆ ሚልዋኪ ባክስ ገባ። የ4 ዓመት ውል ነው፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ፔሰርስ በ7ኛው የፍጻሜ ጨዋታ በኦክላሆማ ሲቲ ከተሸነፈ ገና 10 ቀን እንኳን አልሞላውም። ሚልዋኪ ደግሞ የተርነርን ደመወዝ የሚያስገባበት ክፍተት ለማግኘት ኮከቡን ዴሚየን ሊላርድን አሰናብቷል።

ከትናንት ጀምሮ ሀዋሳ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚያይ ሰው ሌላ ወሬ የለውም። ግማሹ "ከዳተኛ" ይለዋል። ይሄ ቃል ያናድደኛል። ሰውዬው ውሉን ጨርሷል። 10 ዓመት አገልግሏል። በየዓመቱ "ሊሸጥ ነው" እየተባለ ስሙ ሲነሳ አፉን ዘግቶ ተጫውቷል። የክለቡ የምንጊዜም የብሎክ (የተቃራኒን ሙከራ የማገድ) መሪ እሱ ነው። ሊያስቀሩት ቢፈልጉ ይችሉ ነበር። አላደረጉም። ስለዚህ ተገፋ እንጂ አልከዳም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ሰላሳ አንድ፦
እኔ አልስማማም። ስሜን ከማን ቁጥር እንደወሰድኩ ታውቃላችሁ። የፔሰርሱ 31 ቁጥር ሬጂ ሚለር 18 ዓመት አንድ ማሊያ ብቻ ነው የለበሰው። ዋንጫ ሳያነሳ ቆየ፣ ግን ቆየ።

ደግሞ ያመመኝ መሄዱ ብቻ አይደለም። የሄደበት ቤት ነው። ሚልዋኪን በ2024ም በ2025ም በመጀመሪያው ዙር ያሰናበትነው እኛ ነን። ተርነር ራሱ ነበር ሜዳው ላይ!

ያቺን የ7ኛውን የፍጻሜ ጨዋታ የሰኞ ሌሊት አልረሳትም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቼ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው ያየሁት። ኮከባችን ሀሊበርተን ወድቆ መሬቱን በእጁ ሲመታ ወዲያው ገባኝ። የተረከዙ ጅማት፣ አኪሊሱ፣ ተበጥሷል። ጓደኛህ እንደዚያ ሆኖ ተኝቶ አንተ ወደ ጎረቤት ጠላት ትሄዳለህ? ገንዘብ ሁሉንም ነገር አይመልስም።

ሐይቅ ዳር፦
ወንድሜ፣ ሕመምህ ይገባኛል። እኔም ያን ቀን አልተኛሁም። ግን ሂሳቡን ሳናይ ሰው አንፍረድ። ሥራዬ ሂሳብ ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

የደመወዝ ጣሪያ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ለእግር ኳስ ተጫዋቾቻችን የ50 ሺህ ብር የወር ጣሪያ ወጥቶ ነበር። ያ ለአንድ ተጫዋች ነው። የኤንቢኤው ለቡድን ነው። ለ2025-26 የውድድር ዓመት ወደ 154.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። ግን አንድ በር ክፍት ነው። የራስህን ነባር ተጫዋች ለማስቀረት ከጣሪያው በላይ መክፈል ትችላለህ። በድሮው ኮከብ ስም የላሪ በርድ መብት ይሉታል። ፔሰርስ በተርነር ላይ ይሄ መብት ሙሉ በሙሉ ነበረው። "ጣሪያው አገደን" ማለት አይችልም።

ያገደው የቅንጦት ግብር ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ከከፈልክ ለሊጉ ቅጣት ትከፍላለህ። ፔሰርስ ያንን ግብር ከከፈለ 20 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሀሊበርተን ሲጎዳ ባለቤቶቹ "ዘንድሮ ለምን ብለን?" ያሉ ይመስለኛል። በሂሳብ ካየኸው ስህተት ላይሆን ይችላል። ግን ኪሱን የቆለፈው ክለቡ ሆኖ ሳለ የልጁን ታማኝነት መጠየቅ ደግ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆቹ 2015 ተርነር ከአዳዲስ ተጫዋቾች በ11ኛ ቁጥር ሲመረጥ የፔሰርስ ፕሬዚዳንት ማን ነበር? ራሱ ላሪ በርድ። በሱ ስም የሚጠራውን መብት በመረጠው ልጅ ላይ ሳይጠቀሙበት ቀሩ።

የአቶቴው፦
ከዳ አልከዳ እሱን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ሚልዋኪ ነው። ሐይቅ ዳር፣ እስቲ የሊላርድንም ሂሳብ አስሊልን። ቡድኑ የደመወዝ ክፍተት የለውም። ሊላርድ ሚያዝያ ላይ አኪሊሱ ተበጥሷል፣ ዕድሜው 34 ነው። እሺ፣ ዘንድሮ አይጫወትም። ግን ሁለት ዓመት ውል እያለው ማሰናበት? ለቤቱ ለማይጫወት ሰው ስንት ሊከፍሉ ነው?

ሐይቅ ዳር፦
የቀረው ወደ 113 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሕጉ የሚለው የቀረውን ዓመት በሁለት አባዝተህ አንድ ጨምር ነው። ሁለት ዓመት ስለቀረው አምስት ዓመት ላይ ይዘረጋል። በዓመት 22 ሚሊዮን ተኩል ገደማ፣ እስከ 2030።

የአቶቴው፦
ይኸው! ለ5 ዓመት በየዓመቱ 22 ሚሊዮን ተኩል ባዶ ወንበር ላይ። ስለዚህ ተርነር የራሱን ደመወዝ ብቻ አይደለም የሚወስደው። የሊላርድም ዕዳ በሱ ላይ ነው የሚታሰበው። ሁለቱ ሲደመር የአንድ ትልቅ ኮከብ ደመወዝ ነው።

ተርነር ደግሞ ያ ኮከብ አይደለም። ባለፈው ዓመት በአማካይ በጨዋታ 15.6 ነጥብ፣ 6.5 ሪባውንድ (የሳተ ኳስ መያዝ)። 2 ሜትር ከ11 የሆነ ሴንተር 6 ሪባውንድ! ፍጻሜው ላይ ደግሞ ኳሱ አልገባ ብሎት ሲቸገር ሁላችንም አይተናል። እንደዚህ ያለ ዕዳ የሚገባልህ ሰው ጨዋታ የሚቀይር መሆን አለበት። እኔ ብሆን ሊላርድን ይዤ፣ ርካሽ ሴንተር አምጥቼ አንድ ዓመት እታገስ ነበር።

ኮች፦
ልጆች፣ ሁሉንም አነበብኩት። የአቶቴው፣ ሪባውንድ ብቻ ቆጥረህ ሴንተር አትመዝን። ይሄን ሜዳ ላይም ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ካባራ በኋላ ሜዳውን በጆንያ ጠርገን የሠራነውን አስታውስ። ረጅሙን ልጅ ከቅርጫቱ ስር አውጥቼ ከባለ ሶስት ነጥብ መስመር ውጪ አቆምኩት። በጠመኔ ክብ ሠርቼ "ከዚህ አትነቃነቅ" አልኩት። ጠባቂው ምን አደረገ? አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ኳስ ወደያዘው ልጅ ያያል። ከቅርጫቱ የራቀው ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። በዚያች ሁለት እርምጃ አጭሩ ልጃችን ሰተት ብሎ ገብቶ አስቆጠረ። ረጅሙ ኳስ እንኳን አልነካም። አንተም አጨብጭበሃል።

አሁን አጭሩን ልጅ አውጣና የሚልዋኪውን ኮከብ ጃኒስን አስገባበት። ጃኒስ የሚፈልገው ያንን ባዶ ቦታ ነው። ሴንተሩ ብሩክ ሎፔዝ ለዓመታት ቦታውን ሲከፍትለት ነበር፣ በ2021 ዋንጫውንም አብረው በሉ። ሎፔዝ አሁን 37 ዓመቱ ነው፣ ወደ ክሊፐርስ ሄዷል። ተርነር 29 ነው። ባለፈው ዓመት ከባለ ሶስት መስመር ወደ 40 በመቶ አስገብቷል። ከኋላ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሊጉን በብሎክ መርቷል። ከውጪ የሚያስቆጥር፣ ከውስጥ የሚከላከል ሴንተር በጣት የሚቆጠር ነው። ሚልዋኪ ውድ ገዛ፣ እውነት ነው። ጃኒስን ማጣት ግን ከዚያም ይወደዳል። ያ ከተማ ረጅም ሰው ማጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። ካሪም አብዱልጀባር "ልሂድ" ብሎ በ1975 ወደ ሌከርስ ሲሄድባቸው ቀሪውን ታውቃላችሁ።

ሰላሳ አንድ፣ አንተ ደግሞ አንድ ነገር ስማ። ድሮ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም ክለቡ ካልፈቀደ መሄድ አይችልም ነበር። ይሄንን የሰበረው የድሮው ተጫዋች ኦስካር ሮበርትሰን ነው። የተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1970 ሊጉን ከሰሰ። ጉዳዩ በ1976 በስምምነት አለቀ። እሱ ግን በ1974 ጫማውን ሰቅሏል፣ አልተጠቀመበትም። ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆኖ ክለብ የቀየረ የመጀመሪያው ሰው ቶም ቻምበርስ ነው፣ በ1988። ኦስካር በ1971 ዋንጫ ያነሳው የት እንደሆነ ታውቃለህ? ሚልዋኪ፣ ከካሪም ጋር። ተርነር በዚያ ሰው ልፋት ነው በነፃነት የሄደው።

የታቦር ልጅ፦
ኮች፣ እድሜ ይስጥልን። እርስዎ ካነሱት አይቀር የራሴን ልናገር።

እኔም ሴንተር ነበርኩ። ለአንድ ቡድን 6 ዓመት ተጫውቻለሁ። ስሙ ይቅር። ረጅም ስለሆንኩ መረብ የምሰቅለው እኔ፣ ለሌላው ፒክ ቆሜ (የጠባቂውን መንገድ ዘግቼ) ደረቴን የምመታው እኔ። ነጥብ የሚያስቆጥረው ሌላ ሰው ነው፣ በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ጉልበቴ ሲታመም ግን የባጃጅ እንኳን የሰጠኝ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቡድን ጠራኝ፣ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ፒያሳ ላይ ሰላምታ የነሱኝ ሰዎች ነበሩ። "ከዳኸን" ብለው። ጉልበትህ እንዴት ነው ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ለዚህ ነው ቃሉ የሚያናድደኝ። የረጅም ሰው ሥራ አይታይም። ሲኖር ማንም አይቆጥርለትም። ሲሄድ ነው ሁሉም የሚቆጥረው።

የአቶቴው፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ኮች፣ የቦታ መክፈቱን ነገር ተቀብያለሁ። የሊላርድ ዕዳ ላይ ግን አልተረታሁም። በ2028 ጃኒስ ሄዶ ቢሆንስ? ሊላርድ ያኔም ደመወዙን እየወሰደ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
እሱ እውነተኛ ስጋት ነው። ለዚያ መልስ የለኝም።

ሰላሳ አንድ፦
የታቦር፣ እውነቱን ልንገርህ? ያንተን ካነበብኩ በኋላ ከዳተኛ የሚለውን ቃል መልሼ ወስጃለሁ። ክለቤ ላይም ተናድጃለሁ፣ የ20 ዓመቱን ነገር እንዲህ አስቤው አላውቅም። ግን ሚልዋኪ መሄዱን ይቅር አልልም። ሌላ 28 ክለብ ነበረ!

አሁን ግራ የገባኝ ማሊያው ነው። የተርነርን 33 ቁጥር ከአዲስ አበባ አስመጥቼ የገዛሁት ግንቦት ላይ ነው። ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ላውርደው ወይስ ለሰው ልስጠው?

ኮች፦
አውርደህ ልበሰው። ሚልዋኪ 33 ቁጥር የካሪም ነው፣ ለክብሩ ከጣሪያ ተሰቅሏል፣ ማንም አይለብሰውም። ተርነር እዚያ ሌላ ቁጥር ነው የሚይዘው። ያንተ 33 የኢንዲያናው ተርነር ብቻ ነው። ቅዳሜ ለብሰኸው ና፣ ጆንያም አምጣ፣ ዝናብ ይኖራል።