ድመቴ ውሃ አልጠጣ ብላኛለች

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ድመቴ 3 ኪሎ ትመዝናለች፤ የምትበላው ደረቅ የድመት ምግብ ብቻ ነው። ድመት ከምግቧም ከሳህኗም ተደምሮ በቀን ለ1 ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልጋታል። የእኔዋ ግን ሳህኑን ታሸትና ጥላው ትሄዳለች።

የቧንቧችን ውሃ ጀበናው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ስለሚሠራ የታሸገ ሰጠኋት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሳህኑን ከምግቧ አራቅኩት፣ በሰፊ ቀየርኩት። ወተት አስቀመጣት። ደረቁን ምግብ በውሃ ባርሰው ዞራ አታየውም። ጨውም ሽንኩርትም ያልገባበት የዶሮ መረቅ ብቻ ትንሽ ላሰች።

ድዷ እርጥብ ነው፣ ትጫወታለች። ሽንቷ ግን ቀንሷል፤ ይሄ ነው ያስጨነቀኝ። ሐኪም ጋ ልወስዳት ነው፤ እስከዚያው ግን ደረቅ ምግብ የለመደች ድመት እርጥብ ያስለመዳችሁ፣ በምን ጀመራችሁላት?