የተሰነጠቀ የፊት መስታወት፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ከፊቴ ይሄድ ከነበረ የጭነት መኪና ጎማ የተፈናጠረ ጠጠር የመኪናዬን የፊት መስታወት በተሳፋሪው በኩል ከታች መታው። መጀመሪያ የምስር ፍሬ የሚያህል ምልክት ብቻ የነበረው አሁን ከስንዝር በላይ ረዝሞ ወደ መስታወቱ ጠርዝ እየተጠጋ ስለሆነ፣ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድታማክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ ባለሙያ ስንጥቁን በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ መሰል ፈሳሽ) ሞልቶ ማቆም እንደሚቻል ሲነግረኝ፣ ሌላው ደግሞ ጠርዝ ላይ ከደረሰ መስታወቱን ስለሚያደክመው ከመቀየር በቀር አማራጭ የለም ብሎኛል። የፊት መስታወት በሁለት የብርጭቆ ንጣፎች መካከል ስስ ፕላስቲክ ተጣብቆበት የሚሠራ በመሆኑ በድንገት ይረግፋል ብዬ አልሰጋም፤ የሚያሳስበኝ መኪና ሲገለበጥ ጣሪያውን ከሚደግፉት አካላት አንዱ ይኸው መስታወት መሆኑ፣ በብዙ መኪኖችም የተሳፋሪው ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት) ሲነፋ የሚደገፈው በእርሱ ላይ መሆኑ ነው። በዚያ ወንበር ላይ አዘውትራ የምትቀመጠው እናቴ ናት።

ስንጥቁ የውጪውን ንጣፍ ብቻ ይሁን ሁለቱንም በምን ለይቼ ማወቅ እችላለሁ? የሙቀት ለውጥ እንደሚያሰፋው ስለማውቅ በቀዝቃዛ ጠዋት ሙቅ አየር ወደ መስታወቱ መልቀቅ አቁሜያለሁ፤ እስኪሠራ ድረስ ይህ ይበቃል? ከመስታወቱ ጀርባ የመንገድ መስመር የሚያነብ ካሜራ አለ፤ መስታወቱ ከተቀየረ ካሜራውን መልሶ የሚያስተካክለው መስታወት ገጣሚው ነው ወይስ ሌላ ባለሙያ? አዲሱ መስታወት የሚገጠምበት ማጣበቂያ በደንብ ሳይደርቅ መንዳት አደገኛ ስለሆነም፣ መኪናውን ለምን ያህል ጊዜ ማቆም እንዳለብኝ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።