ከሲኖ ወደ ፍላትቤድ፦ ያለ አሜሪካ ልምድ ይገባበታል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም የአገሬ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዲቪ ደርሶኝ ቪዛዬ ወጥቷል፤ ጉዞዬ ወደ ኦሃዮ ነው። ሥራዬ በደሴ መስመር ሲኖ ከነተሳቢው መንዳት ነው። ኦሃዮ ያለው የአክስቴ ልጅ «ሲዲኤል (የአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) እንዳወጣህ አዲስ ሰው የሚቀበል የፍላትቤድ (ጎንና ጣሪያ የሌለው ተሳቢ) ኩባንያ አለ፣ ከድራይቫን (እንደ ሳጥን ከተዘጋው ተሳቢ) የተሻለ ይከፍላል» ይለኛል። በቀጥታ ፍላትቤድ ብገባ ያዋጣኛል ወይስ መጀመሪያ ድራይቫን ልንዳ? ከዚህ ሳልነሳ ማዘጋጀት ያለብኝ ነገር ካለም ንገሩኝ።

መንዜ፦
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። አንዱን ነገር አስቀድመህ እወቀው፤ የሲኖ ልምድህ በወረቀት አይቆጠርልህም። አብዛኞቹ ኩባንያዎችና መኪናቸውን የሚሸፍነው ኢንሹራንስ የሚቆጥሩት እዚሁ አገር በሲዲኤል የተነዳውን ነው። በእጅህ ያለው ሙያ ግን አብሮህ ይመጣል። በጉም ጣርማበርን አልፎ ጭነት ይዞ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው ማርሽ ከቁልቁለቱ በፊት እንደሚቀነስ፣ የጋለ ፍሬን ምን እንደሚሸት ማንም አያስተምረውም። እዚህም ፈተናው የሚጠይቅህ ያንኑ ነው፦ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ከወሰንከው ፍጥነት 5 ማይል ያህል እስኪወርድ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቅ፣ ፍጥነቱ ተመልሶ ሲደርስ ድገም።

ጎድሎብህ የምትመጣው ጭነት ማሰሩ ላይ ነው። እዚያ ካሶኒው ስፖንዳ አለው፤ ጤፉንም ሲሚንቶውንም ስፖንዳው ይይዘዋል፣ ገመዱንና ሸራውን ረዳቱና ጫኞቹ ይጨርሱታል። ፍላትቤድ ስፖንዳ የለውም። ረዳትም የለም። ክሬን ወይም ፎርክሊፍት ብረቱን ወለሉ ላይ አስቀምጦልህ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ በሕግም ጭምር፣ ያንተ ነው። ጭኖ የሰጠህ ፋብሪካ «ደህና ነው፣ ሂድ» ቢልህም መንገድ ላይ ተቆጣጣሪው የሚያቆመው አንተን ነው።

ሂሳቡን በምሳሌ ላሳይህ። የማሰሪያዎቹ አቅም ተደምሮ ቢያንስ የጭነቱን ክብደት ግማሽ መሙላት አለበት። 45,000 ፓውንድ የሚመዝን ባለ 40 ጫማ የብረት ዘንግ ጫንክ እንበል፤ ወደ 204 ኩንታል ነው። ግማሹ 22,500 ይሆናል። የተለመደው ባለ 4 ኢንች ስትራፕ (የጨርቅ ማሰሪያ ቀበቶ) ላይ 5,400 ፓውንድ የሚል ተሰፍቶበታል። አራቱ 21,600 ስለሆነ አይበቃም፣ አምስት ያስፈልግሃል። በርዝመትም ትቆጥራለህ፦ ከፊት የሚያግደው ነገር ከሌለ ለመጀመሪያው 10 ጫማ ሁለት፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 10 ጫማ ወይም ሽራፊው አንድ አንድ። ለ40 ጫማ ይኸውም አምስት ነው። ሁለቱ ቁጥር ሲለያይ ትልቁን ትይዛለህ። አሁን ልብ በል፦ ጽሑፉ ተፍቆ የማይነበብ ባለ 4 ኢንች ስትራፕ በሕጉ ሠንጠረዥ የሚያዝልህ በ4,000 ብቻ ነው። አምስቱም እንደዚያ ከሆኑ 20,000፤ ሳትንቀሳቀስ ከሕግ በታች ነህ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ጭነት በስምንትም በአሥርም የሚያስረው ለዚህ ነው።

ሰንሰለትም እንዲሁ ነው። 3/8 ኢንች ግሬድ 70 ሰንሰለት 6,600 ፓውንድ ይይዛል። 40,000 ፓውንድ ለሚመዝን ኮይል (የተጠቀለለ የብረት ጥቅል) ግማሹ 20,000 ሲሆን ሦስት ሰንሰለት 19,800 ነው። በ200 ፓውንድ ይጎድልሃል፣ አራተኛው ግድ ነው። ሰንሰለቱን የሚያጠብቀው ባይንደር ላይ 5,400 ከተጻፈ ደግሞ ሰንሰለቱም በ5,400 ይቆጠራል፤ አቅሙን የሚወስነው ደካማው ዕቃ ነው። በጭነቱ ላይ ወይም በውስጡ አልፎ በሌላኛው ጎን የሚታሰር ሙሉ አቅሙ ይያዝለታል። ከወለሉ ተነስቶ ጭነቱ ላይ ባለ ቀለበት የሚያልቅ ወይም ዞሮ በዚያው ጎን የሚታሰር ግን ግማሹ ብቻ። አዲስ ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህች ላይ ነው፤ የሰንሰለቱን ብዛት ያያል፣ አቅጣጫውን አያይም።

ሕጉ ማሰሪያህ ወደ ፊት ለሚመጣ 0.8 የስበት ኃይል እንዲበቃ ይፈልጋል። በድንገተኛ ፍሬን ያ 45,000 ፓውንድ ብረት በ36,000 ፓውንድ ጉልበት ወደ ጋቢናው ይገፋል ማለት ነው። ስለዚህ ብረቱን ከፊት መከላከያው ጋር አስጠግቶ ማስጫን፣ ባይጠጋም በእንጨትና በተጨማሪ ሰንሰለት ማገድ የግድ ነው።

የምንጃር ልጅ፦
መንዜ ሁሉን አስቀምጦታል፣ እኔ ሸራውን ልጨምር። የደመወዙ ማስታወቂያ የማይነግርህ እሱን ነው።

ለጣውላ የሚሆነው ሸራ በየጎኑ 8 ጫማ ይወርዳል፤ አንዱ ቁራጭ እንደ ዓይነቱ 100 ፓውንድ አካባቢ፣ ግማሽ ኩንታል ሊጠጋ ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ነው። ፎርክሊፍት ካነሳልህ ተመስገን፤ ካላነሳልህ በትከሻህ ነው። ወለሉ ከመሬት 5 ጫማ ያህል ነው፤ በብዙ ግዛቶች የሚፈቀደው ጠቅላላ ቁመት 13 ጫማ ከ6 ኢንች ስለሆነ አንተ የምትቆመው እስከ 4 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሚያንሸራትት ላስቲክ በተጠቀለለ ጣውላ ላይ ነው። ከፍላትቤድ ሥራ ክፉ ክፉውን ጉዳት የሚያመጣው ይህ መውደቅ ነው። ጠርዙ ላይ ጀርባህን ሰጥተህ ወደ ኋላ እየሄድክ ሸራ አትጎትት። መሰላልህን አስረህ ውጣ፣ ለመውረድም አትዝለል።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ የኋላው ሸራ፣ ከዚያ የፊተኛው በላዩ ተደርቦ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከታች ጀምሮ እንደሚለበሰው ነው። ከገለበጥከው ነፋሱ በመገናኛው ገብቶ ሸራውን እንደ ፊኛ ይነፋዋል፣ ማታ ቀዳዳ ትቆጥራለህ። ሹል ጠርዝ ያለበት ላይ ከሸራው ሥር ንጣፍ አድርግ። ሸራውን የሚይዘውን የጎማ ላስቲክ ስታስር ወደ ፊትህ አትሳብ፤ መንጠቆው ሲያመልጥ ዓይን ነው የሚያገኘው። በብርድ ላስቲኩ ይበጠሳል፣ ሸራውም እንደ ቆርቆሮ ይደርቃል፤ የደብረ ብርሃን የጥቅምት ውርጭ ለዚህ ጥሩ ልምምድ ነው።

ጊዜውንም አስላው። 11 ሰዓት መንዳት የሚፈቀድልህ ሥራ ከጀመርክበት ባሉት 14 ሰዓታት ውስጥ ነው፣ ስታስርና ሸራ ስታለብስ ያ ሰዓት አይቆምም። ጀማሪ ማሰሩንና ማልበሱን ሁለት ሦስት ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። በማይል ብቻ የሚከፈልህ ከሆነ ያ ጊዜ ሁሉ ባዶ ነው። «ለሸራ ስንት ትከፍላላችሁ? ፋብሪካው ቢያቆየኝ ከስንተኛው ሰዓት ጀምሮ ይከፈለኛል?» ብለህ በጽሑፍ አስመልስ።

ሰላ ድንጋይ፦
እኔ ድራይቫን ይቅደም ከሚሉት ነኝ። ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ዓመት በራሱ ብዙ ነው፦ የእንግሊዝኛ ምልክቱ፣ ኤሌክትሮኒክ ሎጉ (የሥራ ሰዓት መዝገቡ)፣ በረዶው፣ ኋላ ማርሹ፣ ከዲስፓቸር (ጭነት ከሚመድበው ሰው) ጋር መነጋገሩ። በዚያ ላይ የሰንሰለት ሂሳብ ሲጨመር አንዱ ሳይረሳ አይቀርም። ድራይቫን ላይ በሩን ዘግተህ ትነሳለህ። ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ንጹሕ መዝገብ ይዘህ ብትመጣ የፍላትቤድ ኩባንያ መራጩ አንተ ትሆናለህ።

መንዜ፦
ሐሳብህን አከብራለሁ፣ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ኋላ ማርሽ ድራይቫን ላይ ነው የሚከብደው፤ ቀኑን ሙሉ ጠባብ ዶክ (የመጋዘን መጫኛ በር) ውስጥ ትገባለህ። ፍላትቤድ አብዛኛው ጊዜ ከጎን በፎርክሊፍት ወይም በክሬን ነው የሚጫነውና የሚራገፈው። ልዩነቱን የሚያመጣው ሥልጠናው ነው። ማሰርን ክፍል ውስጥ በወረቀት ሳይሆን እውነተኛ ኮይል፣ እውነተኛ ጣውላ፣ እውነተኛ ማሽን አስቀምጦ ለቀናት የሚያሠራና ከዚያ ሳምንታት ከአሠልጣኝ ጋር የሚያስነዳ ኩባንያ ከሆነ፣ በቀጥታ ይግባ። የሁለት ቀን ቪዲዮ አሳይቶ ቁልፍ የሚሰጥ ከሆነ ሰላ ድንጋይ እንዳለው ድራይቫን ይሻለዋል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የአክስቴን ልጅ ስጠይቀው ኩባንያው አምስት መኪና ያለው ነው፣ «ማሰሩን ሥራው ላይ ትለምደዋለህ» ይላሉ፣ ክፍያው በ1099 ነው፣ ከፈለግሁ መኪናውን በሊዝ እየከፈልኩ የራሴ ማድረግ እችላለሁ ብሏል። ይሄ እንዴት ነው?

ቀይት፦
ሦስቱንም አትቀበል፤ ምክንያቱን በየተራ ልንገርህ።

«ሥራው ላይ ትለምደዋለህ» ማለት አስተማሪህ የመንገድ ተቆጣጣሪው ወይም አደጋው ይሆናል ማለት ነው። የማሰር ጥፋት ደግሞ በኩባንያው ስም ብቻ አይቀርም። ያንተ የፍተሻ መዝገብ ለ3 ዓመት፣ አደጋ ከሆነም ለ5 ዓመት ፒኤስፒ በሚባለው የፌዴራል ሪፖርት ላይ ይታያል፤ ቀጣዩ አሠሪ መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው።

1099 ማለት አንተ ተቀጣሪ አይደለህም፣ ራስህን የቻልክ ነጋዴ ነህ ማለት ነው። የአሠሪውንም የሠራተኛውንም የማኅበራዊ ዋስትና ግብር አንተ ትከፍላለህ፣ በብዙ ግዛት ብትጎዳ የሠራተኛ ካሳ ኢንሹራንስ አይሸፍንህም። ከላይ የተነገረህን ከፍታ አስበህ ይህን መዝን። የኩባንያው መኪና፣ የኩባንያው ሎድ፣ የኩባንያው ሰዓት ሆኖ 1099 የሚሰጥህ፣ ወጪውን ወዳንተ እያሸጋገረ ነው። ጀማሪ ደብልዩ-2፣ ማለት ተቀጣሪ ሆኖ መሥራት፣ ይበጀዋል።

በሊዝ መግዛቱን ለጊዜው ከጆሮህ አውጣው። ሳምንታዊው ክፍያ ሎድ ኖረ አልኖረ ይቆረጣል፣ ጥገናው ያንተ ነው፣ ከሥራው ከወጣህ በብዙው ውል መኪናውም የከፈልከውም ይቀራል። ጉዳዩን እንዲያጠና በፌዴራል መንግሥት የተቋቋመው ግብረ ኃይል በ2025 መጀመሪያ ባቀረበው ሪፖርት እንዲህ ያለው የሊዝ ግዢ እንዲከለከል ነው የመከረው።

የኩባንያውን የዶት ቁጥር (የፌዴራል ምዝገባ ቁጥሩን) ከአክስትህ ልጅ ተቀበልና ደብረ ብርሃን ሆነህ ሴፈር በሚባለው የፌዴራል ድረ ገጽ ላይ አስገባው፤ ነጻ ነው። መኪኖቹና ሹፌሮቹ ስንት ጊዜ እንደተፈተሹ፣ ከመቶ ስንቱ ከመንገድ እንደታገዱ ያሳይሃል፣ የአገሩን አማካይም እዚያው ጎን ለጎን ያስቀምጥልሃል። ከአማካዩ እጥፍ የታገደ ኩባንያ ካየህ ስትራፑም ጎማውም የተበላ ነው ብለህ ገምት። ከዚያ ደውለህ ዕቃውን የሚገዛው ማን እንደሆነ ጠይቅ፤ ስትራፕ፣ ሰንሰለት፣ ባይንደር፣ የጠርዝ መከላከያ፣ ሸራ ሲደመር ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ሸራ ቢቀደድ ከማን ይቆረጣል? ማሠልጠኛውን ከፍለውልህ ቶሎ ብትለቅ ስንት ትመልሳለህ? በብዛት የሚጭኑትስ ምንድን ነው? ኦሃዮ የብረት አገር ስለሆነ ኮይል ይበዛል፤ ኮይል ለጀማሪ ከባዱ ጭነት ነው።

የምንጃር ልጅ፦
ከዚያ ሳትነሳ ስለምታዘጋጀው። እንግሊዝኛህን ለመንገድ ፍተሻ በሚሆን መልኩ ልመድ፦ ከየት ተነሳህ፣ ምን ጭነሃል፣ ስንት ሰዓት ነዳህ፣ ሎግህን አሳየኝ። ከ2025 ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ተቆጣጣሪን በእንግሊዝኛ መመለስ ወይም ምልክቱን ማንበብ ያልቻለ ሹፌር እዚያው ከመንገድ ይታገዳል። ዓይንህን አስለካ፤ በእያንዳንዱ ዓይን 20/40 ያስፈልጋል፣ በመነጽርም ይቻላል። ደም ግፊትህ ከ140 በ90 በታች ከሆነ ነው ሙሉ የሁለት ዓመት የሕክምና ካርድ የሚሰጥህ። ጫት የምትቅም ከሆነ እዚያው ተወው። ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ከተከለከሉት ዕፆች ነው፣ ሹፌር ይዞት ወይም ቅሞ መገኘት ሥራውንም መኖሪያ ፈቃዱንም ያናጋል።

በዲቪ ስለምትገባ ቋሚ ነዋሪ ነህ፣ የምታወጣው መደበኛው ሲዲኤል ነው። በሥራ ፈቃድ ብቻ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ግን የናንተ መንገድ ሌላ ነው፤ ከ2025 መስከረም መጨረሻ ወዲህ ደንቡ ተናግቷል፣ ለትምህርት ቤት ከመክፈላችሁ በፊት የግዛታችሁን መንጃ ፈቃድ ቢሮ ጠይቁ።

ኦሃዮ ስትደርስ የፅሑፍ ፈተናውን አልፈህ ልምምድ ፈቃዱን ከያዝክ ቢያንስ 14 ቀን ሳይሞላ የመንዳት ፈተና አትቀመጥም። ትምህርት ቤቱ በፌዴራል የአሠልጣኞች መዝገብ ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ፣ ካልተመዘገበ ፈተናውን አያስቀምጡህም። በኦቶማቲክ ከተፈተንክ በማኑዋል እንዳትነዳ ፈቃድህ ላይ ገደብ ይጻፍብሃል። የሲኖ ማርሽ የለመደ እጅ ይዘህ ያን ገደብ መውሰድ ያሳዝናል፣ ማኑዋል ያለው ትምህርት ቤት ፈልግ።

ጠያቂ፦
የትንሹን ኩባንያ ነገር ትቼዋለሁ፣ ሥልጠና ያላቸውን አፈላልጋለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጭነቱ ሸራ ከለበሰ በኋላ ስትራፑ መላላቱን መንገድ ላይ በምን አውቃለሁ?

መንዜ፦
ጥሩ ጠየቅህ። ከተነሳህ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይል ውስጥ ቆመህ ታያለህ፤ ከዚያ በየ150 ማይሉ ወይም በየ3 ሰዓቱ ወይም የሥራ ሁኔታህን ሎግ ላይ በቀየርክ ቁጥር፣ ቀድሞ የመጣውን። ስትራፑን የሚያጠብቀው ባለ ጥርስ ዊንች ያለው ከወለሉ ጠርዝ ሥር ስለሆነ ሸራውን መግፈፍ አያስፈልግህም። የታችኛውን ላስቲክ ሁለት ሦስቱን ፍታ፣ የሸራውን ጫፍ ገልብጥ፣ ስትራፑን በመዳፍህ ምታው። የጠበቀ ከበሮ ቆዳ ይመስላል፣ የላላ ይረግብልሃል። ጣውላ ሲንቀጠቀጥ ስለሚረግጥ በመጀመሪያው ማቆሚያ ሁሌም አንድ ሁለት ጥርስ ይቀበላል። የማጥበቂያውን ዘንግ ዊንቹ ቀዳዳ ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገባው፣ ፊትህን ከዘንጉ መስመር አውጣ፣ አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርገህ ግፋ። ዘንጉ ቢያመልጥ ባዶ እጅህ ይሄዳል እንጂ መንጋጋህን አያገኝም። በአንዱ ጎን ያሉት ሁሉ ከላሉ ግን ዝም ብለህ አታጥብቅ፤ ጭነቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፣ ሸራውን ገልጠህ እየው።