ክርክር፦ በሉካንዳዎቹ ጀርባ ያሉት ድመቶች በመርዝ ይወገዱ?

የሸዋበር ነዋሪ (ደሴ)፦ በሰፈራችን ስብሰባ ላይ ባለቤት አልባ ድመቶች በተመረዘ ሥጋ ይወገዱ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትላላችሁ?

ባለሉካንዳ፦ እደግፋለሁ። ፊቴን ባዞርኩ ቁጥር አንዷ ሥጋው ላይ ናት፤ ደንበኛ አይቶ ይሸሻል። ውሻ ሲበዛ መርዝ ይሰጠው የለ? ድመት በምን ትበልጣለች?

የሐይቅ ገበሬ፦ ማሽላዬን ከአይጥ አንተ ትጠብቅልኛለህ?

የእንስሳት ሐኪም፦ ወንድሜ ባለሉካንዳ፣ መርዙ ለጥቂት ወራት ያሳርፍህ ይሆናል እንጂ አይገላግልህም። ሴት ድመት ገና በአምስት በስድስት ወሯ ታረግዛለች፤ በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ እያጠባችም ዳግም ልታረግዝ ትችላለች። በዓመት ሁለቴ አራት አራት ብትወልድ 8 ግልገል ነው። ትርፍራፊው እዚያው እስካለ ድረስ የሞቱትን ቦታ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚመጡት ይይዙታል። የተመረዘውን ሬሳ ደግሞ ጥንብ አንሳም የጎረቤት ውሻም ይበላዋል። የሚያዋጣው ይዞ ማምከን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መስጠትና ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። ድመቷ በማደንዘዣ እንደተኛች የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ያንን ያየ ሰው ሁለተኛ አይይዛትም። ወንዶቹን ብቻ ማኮላሸት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ አንድ ያመለጠ ወንድ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል።

የሦስት ልጆች እናት፦ ልጄን ቧጭራ ብትነክሰውስ? እስክትመክን ልጠብቅ?

የእንስሳት ሐኪም፦ አይጠብቁ፣ እናቴ። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በእብድ ውሻ በሽታ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ከውሻ ንክሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች።

የአራዳ ሽማግሌ፦ ድመቷን አስራ ያላበላች፣ ከምድር ተባይም እንድትለቅም ያልለቀቀቻት ሴት እሳት እንደገባች በሐዲስ ሰምተን አድገናል። ደግሞስ ያበዛናቸው እኛው አይደለንም? የቤት ድመት ስትወልድ ግልገሎቹን በጆንያ ቋጥሮ ቦርከና ዳር የሚጥለው ማን ነው? በመርዝ የሚያምን ሰው መጀመሪያ የራሱን ድመት ያምክን።

ባለሉካንዳ፦ ጋሼ፣ የኃጢአቱን ነገር ተቀብያለሁ። አንጀቱንና ትርፍራፊውን ክዳን ባለው በርሜል አደርጋለሁ፣ መርዙም ይቅር። ለማምከኛው ግን አንድ ብር አላዋጣም፤ ጆንያ የሚጥሉት ይክፈሉ።