ዮናስ ያመነው እግዚአብሔርን ነው ወይስ ማርታን?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት መንፈሳዊ የፍቅር ልቦለድ አለኝ፤ 22 ምዕራፍ ሆኗል። ማርታ አማኝ ናት። ዮናስ ታናሽ ወንድሙ ታሞበት ሲጸልይ ሲጸልይ ልጁ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ ጸሎት ሊጀመር ነው ሲባል ተነስቶ ይወጣል። 20ኛው ምዕራፍ ላይ ማርታ «ከማያምኑ ጋር በማይመች አካሄድ አትጠመዱ» የሚለውን ጠቅሳ ትለየዋለች። 21ኛው ላይ አምልኮ መሃል ያለቅሳል፣ ያምናል። 22ኛው ሠርግ ነው።

ለታላቅ እህቴ አስነበብኳት። አንብባ ስትጨርስ ሳቀች። «ይሄ ልጅ ያመነው እግዚአብሔርን ነው ወይስ ማርታን?» አለችኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኳት፤ ግን እውነቷን ነው። እንዴት ላድነው? (ረቂቁን ማለቴ ነው። ልጁንም።)

አንባቢ ብቻ፦
ሠርጉን አውጪው፣ በቃ።

ጀማሪዋ፦
ሠርጉንማ አልነካም! የፍቅር ልቦለድ ብዬ ጀምሬ?

አርታኢው፦
ሠርጉ ይቆይ፤ ችግሩ እሱ አይደለም። ብዙ ዓመት የሰው ረቂቅ ሳነብ ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ያለው ታሪክ የሚሰናከለው ሁልጊዜ እዚሁ ላይ ነው። ልጅቷ ሽልማት፣ እምነት ደግሞ መግቢያ ትኬት ይሆናል። እህቴ፣ ዮናስ የሚጸልየው ማርታን ለማግኘት ምንም ተስፋ በሌለው ሰዓት ይሁን። ለሌላ ሰው ታጭታ፣ ወይም መጸለዩን ጨርሶ ሳትሰማ። ምንም የማያተርፍበት ከሆነ አንባቢ ያምነዋል።

ጥርጣሬውንም በአንድ መዝሙር አትጥረጊው፤ ወንድሙ ነው የሞተው። የኢዮብ መጽሐፍ 42 ምዕራፍ ነው፤ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ መናገር የጀመረው 38ኛው ላይ ነው፤ ተናግሮም ያ ሁሉ መከራ ለምን እንደደረሰበት አልነገረውም። ማርቆስ 9 ላይ ያለው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ሲጮህ ልጁ ገና አልዳነም ነበር። አንቺ ግን ዮናስን በአንድ ምዕራፍ ጨረስሽው።

ደግሞ ማርታ ለምንድን ነው አንድም ቀን የማትጠራጠረው? ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ወደ ክርስትና የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ስለ እምነት ስንት ጽፎ ካበቃ በኋላ ሚስቱ በ1960 ስትሞትበት በደብተሩ ላይ ያሰፈረው ምሬት በዓመቱ ሲታተም በብዕር ስም ነበር። አማኝም ይሰበራል። ማርታን አንድ ሌሊት አስጨንቂያት።

ግማሽ ልብ፦
እኔ ዮናስ ነኝ፤ ያውም ሠርጉ ያለፈ። ባለቤቴ ታምናለች፣ እኔ ግን ይኸው እንደ ስሜ ነኝ። (ማርታ ያንን ጥቅስ ስትጠቅስ ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ ያላመነ ባል አብሮ ለመኖር ከተስማማ «አትተወው» ማለቱንም ታስታውስ። እኛ ቤት የሚሠራው እሱ ነው።)

ለቅሶ አልመጣልኝም። የሆነውን ልንገርሽ። እሷ ቆማ ስትጸልይ እኔ ዓይኔን አልጨፍንም፤ መሬት መሬት ነው የማየው። አንድ ቀን የአንድ እግር ጫማዋ ክር ተፈቶ አየሁ። አደናቅፎ እንዳይጥላት ብዬ ተንበርክኬ ማሰር ጀመርኩ። ጣቴ ተንቀጥቅጦ ቋጠሮው እምቢ አለኝ፤ ፈታሁት፣ እንደገና አሰርኩት። ካሰርኩ በኋላም አልተነሳሁም። «አሜን» እስክትል እዚያው ቀረሁ። ዓይኗን ስትገልጥ ተንበርክኬ አገኘችኝ፤ ምንም አላለችም፣ እኔም ምንም አላልኩ። መጸለይ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

አርታኢው፦
የእኔን ምክር ተዪውና ይሄንን ደጋግመሽ አንብቢ።

ጀማሪዋ፦
ወንድሜ፣ ክሩን ልውሰደው? ስምህን አላነሳም።

ግማሽ ልብ፦
ውሰጂው። ዮናስን ግን በዚያው ቀን እንዳታሳምኚው።